የልጅነት ባቡራችሁን ሳጥን እንደገና ለምትከፍቱ

ይህን የምጽፈው በልጅነቱ ትንንሽ ባቡር ይነዳ ለነበረ ሰው ነው። አሁን ልጆች አድገዋል፣ ኑሮም ትንሽ ተደላድሏል፣ ሰውየውም «እስቲ እንደገና ልሞክረው ይሆን?» እያለ ያመነታል። እኔም እንደዛ ሳመነታ ነበር የከረምኩት።

የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። የተወለድኩት ድሬዳዋ ሲሆን ገና ልጅ ሳለሁ ከቤተሰቤ ጋር ወደዚህ መጣን። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ባቡር እኛ ቤት የጨዋታ ጉዳይ አልነበረም፣ እንጀራ ነበር። እዚህ ስንገባ ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ልጆቻቸው የጣሉትን ሜርክሊን የሚባለውን የጀርመን ኩባንያ የመጫወቻ ባቡር በካርቶን አድርገው ሰጡኝ። እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ገደማ ከሱ ጋር ኖርኩ። ከዚያ ኳስ መጣ፣ ሙዚቃ መጣ፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ። ካርቶኑ ከአንዱ ምድር ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። ባለቤቴ በየቤት ለውጡ «ይሄን ነገር ዘንድሮም ልንሸከመው ነው?» ትላለች፤ እኔም እሸከመዋለሁ።

ከተመለስኩ ጥቂት ዓመታት ሆኑኝ። ከሁሉም በፊት የምነግራችሁ ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ያላችሁን አንቀሳቅሱ። ቀጥሎ ምን መሥራት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ግዢ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሱቅ ከገባችሁ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚቀርብላችሁ፤ መጀመሪያ 400 ዩሮ የሚያወጣ ሎኮሞቲቭ ገዝታችሁ ወደ ቤት ትመጣላችሁ፣ ከዚያ የት እንደምታስኬዱት ማሰብ ትጀምራላችሁ።

ሳጥኑን ስትከፍቱ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትራንስፎርመሩ ነው። አደራ፣ ሶኬት ውስጥ እንዳትሰኩት! በተለይ ከብረት የተሠራውን የድሮውን ሰማያዊ። የገመዱ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሳጥኑ ደግሞ ብረት ነው፤ ቀሪውን እናንተ ገምቱት። ሌላም ችግር አለ። እነዚያ ዕቃዎች የተሠሩት ለ220 ቮልት ነው፣ ዛሬ አውሮፓ ውስጥ መስመሩ 230 ነው፣ ስለዚህ የሚወጣውም ኃይል ከታሰበው ከፍ ይላል። የድሮው ሜርክሊን ባቡሩን ወደ ኋላ የሚያዞረው 24 ቮልት ገደማ የሆነ ድንገተኛ ግፊት በመላክ ነው። ያ ግፊት ከልኩ ካለፈ የዘመኑን ዲኮደር (ትእዛዝ የሚቀበለውን፣ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ያቃጥላል። አዲስ ወይም ለዛሬው መስመር የተሠራ ትራንስፎርመር ግዙ። በጀታችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ለዚህ ይሁን። የድሮውን ለመደርደሪያ ማስጌጫ አድርጉት፣ ገመዱን ግን ቁረጡት፤ ልጅ ያለበት ቤት ነው።

ሎኮሞቲቩ አልንቀሳቀስ ቢላችሁ አልሞተም። ዘይቱ ነው። የሠላሳ ዓመት ዘይት ወደ ሙጫነት ይለወጣል፣ ጥርሶቹንም አጣብቆ ይይዛል። በዚህ ሁኔታ ኃይል ጨምሮ ማስገደድ ሞተሩን ማቃጠል ነው። በትንሽ ካቻቢቴ ክፈቱት፣ እያንዳንዷን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ብሎኖቹን በነጭ ሰሃን ላይ በተራ ደርድሩ። የብረት ክፍሎቹን በንጹህ አልኮል ወይም በቤንዚን እጠቡ፤ ቀለምና ፕላስቲክ ግን በቤንዚን ሊላጥ ስለሚችል መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። ከዚያ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት በየዘንጉ ጫፍ። አንዲት! ዘይት የበዛበት ሞተር ከደረቀው ይብሳል፤ ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብሉት ካርቦኖች የሚነኩት ቦታ ላይ ከደረሰ ይጨሳል፣ ይተፋል። ካርቦኖቹንና በመንኮራኩሮቹ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ጎማዎች መቀየር በጥቂት ዩሮ የሚያልቅ ነገር ነው። ከእናንተ ዕድሜ ጋር እኩል ለሆነ ሎኮሞቲቭ እንኳ ይገኛሉ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው መለዋወጫ አጣን።

አንድ የማይድን በሽታ ግን አለ። ጀርመኖቹ «ጺንክፔስት» ይሉታል፣ የዚንክ ወረርሽኝ እንደማለት። በቀለጠው ዚንክ ውስጥ እርሳስ የመሰለ ቆሻሻ ከገባ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ማበጥ ይጀምራል፤ እንደ ደረቀ የወንዝ ዳር ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በብዛት የሚታየው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና ወዲያው በኋላ በተሠሩት ላይ ነው። የሎኮሞቲቩን ሆድ ገልብጣችሁ ስንጥቅ ካያችሁ አትልፉ። መድኃኒት የለውም። ስትገዙም ይህንን ማየት አትርሱ።

ሐዲዱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይጠራቀምና ከበፊቱ ብሶ ይቆማል። አልኮል የነካው ጨርቅ ይበቃል። የዛገ ካለ ለዚሁ የተሠራ ሻካራ ላጲስ አለ፣ እሱም ቢሆን በልክ።

አሁን ብዙ ተመላሾች ወደሚደናገሩበት ነገር ልምጣ። የሜርክሊን ኤችኦ (በብዛት የሚሠራበት መጠን) ባቡር ከሌሎች አምራቾች ጋር አይስማማም። ሜርክሊን ኃይሉን የሚያገኘው በሐዲዱ መሐል ከተደረደሩት ትንንሽ ነጥቦች ሲሆን ከሎኮሞቲቩ ሆድ ሥር ረዘም ያለ ብረት እየተንሸራተተ ይነካቸዋል። ሁለቱ የጎን ሐዲዶች አንድ ናቸው፣ ተለዋዋጭ ኃይል ነው። እነ ሮኮ፣ ፍላይሽማን፣ ፒኮ የሚባሉት አምራቾች በዋናነት የሚጠቀሙት ሁለቱን ሐዲዶች ለየብቻ ነው፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ። ስለዚህ የሜርክሊንን ባቡር እዚያ ላይ ብታስቀምጡት መንኮራኩሮቹ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኙና ሾርት ያደርጋል። የእነሱን የሜርክሊን ሐዲድ ላይ ብታስቀምጡ ደግሞ ከመሐል ኃይል የሚወስድበት ብረት ስለሌለው ዝም ብሎ ይቆማል። ብዙ አምራቾች አንዱን ሎኮሞቲቭ በሁለቱም ዓይነት ስለሚያወጡት ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ገልብጡት። ሆዱን እዩት።

አሜሪካ ላላችሁ ይህ ብዙም አያሳስባችሁም፤ እዚያ የኤችኦ ገበያው ሁለት ሐዲድ ነው። ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የምታመጡ ከሆነ ግን የባቡሩን ትታችሁ የትራንስፎርመሩን ጉዳይ አስቡበት፤ የእናንተ 120 ቮልት ነው፣ የአገር ቤቱ 220።

መጠንን በተመለከተ ብዙ አልቀባጥርም። ኤችኦ የእውነተኛው አንድ ሰማንያ ሰባተኛ ሲሆን በሐዲዶቹ መሐል 16.5 ሚሊ ሜትር አለው። ኤን አንድ መቶ ስልሳኛ፣ 9 ሚሊ ሜትር። ሜርክሊን በ1972 ያወጣው ዜድ ደግሞ አንድ ሁለት መቶ ሃያኛ ነው፣ ሐዲዱ 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ትንሹን ልትመርጡ ትችላላችሁ፤ ቦታ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ይለካ። ሃምሳን ካለፉ በኋላ ያለ መነጽር የዜድ ፉርጎ ሐዲድ ላይ ማስቀመጥ ትርፉ ስድብ ነው።

ዲጂታል ልግባ ወይስ ልቅር? እኛ ስንተው ሜርክሊን ዲጂታሉን ገና በ1980ዎቹ አጋማሽ እያወጣ ነበር፤ ስንመለስ ሱቁ ሁሉ እሱ ሆኗል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ፣ በዚያው ላይ ትእዛዝ ይላካል፤ በየሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ዲኮደር የራሱ ቁጥር ስላለው የሚሰማው ለሱ የተላከውን ብቻ ነው። በዚህም አንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቭ አቁማችሁ አንዱን ብቻ ማንቀሳቀስ ትችላላችሁ። በድሮው ዘዴ ይህን ለማድረግ ሐዲዱን እየቆራረጡ በየክፍሉ ማብሪያና ማጥፊያ መግጠም ነበረባችሁ። ድምፁም አለ፤ ፉጨቱ፣ የናፍጣው ሞተር ሲነሣ። የኔ አስተያየት ይሄ ነው፦ ሁለት ሎኮሞቲቭና አንድ ዙር ሐዲድ ካላችሁ ለመጀመሪያው ዓመት በድሮው ቆዩ። ምንም አይጎድልባችሁም። የምር እንደያዛችሁ ካወቃችሁ በኋላ ግቡ። ድምፅ የሌለው ዲኮደር ከ30 እስከ 40 ዩሮ አካባቢ ነው፣ ድምፅ ያለው ከ100 በላይ። አሮጌ ሎኮሞቲቭ ላይ መግጠም ብየዳ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ በማትሳሱለት ላይ ተለማመዱ።

ስለ ዋጋ ካነሣን፣ ያገለገለ ግዙ። ጀርመን ውስጥ እሁድ እሁድ በየአዳራሹ የባቡር ገበያ አለ። የዚያ ትውልድ ሰዎች እያረጁ፣ ልጆቻቸው ደግሞ የአባታቸውን ስብስብ በሙዝ ካርቶን እያመጡ ይሸጡታል። ዋጋው ወርዷል። ይህ ለገዢ ጥሩ ነው፤ «የኔ ሳጥን ሀብት ነው» ብላችሁ ተስፋ ካደረጋችሁ ግን ተስፋውን አሁኑኑ ቀንሱት። ከጦርነቱ በፊት የተሠራ የቆርቆሮ ባቡር ካልሆነ በቀር የ1970ዎቹ ፉርጎ ለቡና መጠጫ ቢሆን ነው። ወደ ገበያ ስትሄዱ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ኪሳችሁ ያዙ፤ የድሮውን ባለ ሁለት ሐዲድ ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሮቹን በባትሪው ነክታችሁ ሞተሩ ይዞር እንደሆነ እዚያው ታያላችሁ። ለሜርክሊን ግን ሻጩን የመሞከሪያ ሐዲድ ጠይቁት። የለኝም ካለ ሌላ ጠረጴዛ ሞልቷል።

እዚህ ላይ ምክር ነገር፦ ሐምቡርግ ያለውን ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ከመጀመራችሁ በፊት ሄዳችሁ አትዩ። በ2001 የተከፈተ፣ በዓለም ትልቁ የሚባል የባቡር ሞዴል ነው። ግሩም ነው። ግን ከዚያ ተመልሳችሁ የራሳችሁን አንድ ሜትር ጣውላ ስታዩ ቤቱን ለቃችሁ መውጣት ያምራችኋል። እኔ ልጆቼን ይዤ የሄድኩት የራሴ ነገር ከቆመ በኋላ ነው፣ እናም ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት።

ቦታ የሌለው ሰው ምን ይሥራ? የኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ነው። ዙር ሐዲድ ለመሥራት በሜርክሊን ጠባቡ ኩርባ እንኳ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ገበታ ይፈልጋል፤ ግድግዳ ሥር ካስቀመጣችሁት ደግሞ እጃችሁ ማዶ አይደርስም፣ የወደቀውን ፉርጎ ለማንሣት ደረታችሁን ባቡሩ ላይ ታሳርፋላችሁ። በዚያ ላይ፣ ልንገራችሁ፣ ክብ እየዞረ የሚመለስ ባቡር በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል። ለልጅ ያስደስታል። ለትልቅ ሰው ሥራ ስጡት።

እኔን ያዳነኝ አለን ራይት የሚባል እንግሊዛዊ ያሰበው ነገር ነው፣ ኢንግልኑክ ይባላል። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሁለት የሐዲድ መቀየሪያ፣ ሦስት የማቆሚያ ሐዲድ። አንደኛው አምስት ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት። ስምንት ፉርጎ ይኖራችኋል። የፉርጎዎቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ዕጣ ታወጣላችሁ፣ አምስቱን በወጡበት ቅደም ተከተል አሰልፋችሁ ማስወጣት አለባችሁ። ሎኮሞቲቩ የሚንቀሳቀስበት መስመር ሎኮሞቲቩንና ሦስት ፉርጎ ብቻ ስለሚይዝ እንደልብ መጎተት የለም። ቀላል ይመስላል። ሊወጣ የሚችለው ቅደም ተከተል ግን 6,720 ዓይነት ስለሆነ ዛሬ የተጫወታችሁትን ነገ አታገኙትም። አንዱ ጨዋታ ሩብ ሰዓት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ቡናው እስኪፈላ ያልቃል።

ቡና ካነሣሁ፣ እዚሁ ከተማ አንድ የድሬ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ አባቴን ያውቁት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በምድር ባቡር ጓሮ ፉርጎ እርስ በርስ ሲያገናኙ የኖሩ ናቸው። አንድ እሑድ ቡና ልንጠጣ ቤት መጥተው ልጄ ከመደርደሪያው ጋር ስትታገል አዩዋት። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ነይ እስቲ ልጄ፣ ሦስተኛውን ወደ ኋላ ግፊው፣ እሱን አታውጪው» አሉ። ተቀምጠው በጥቂት ደቂቃ ጨረሱት። «አቦ፣ ይሄን ጨዋታ ትሉታላችሁ? እኔ ስንት ዓመት ደሞዝ የበላሁበት ነው!» ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት ስለ ፉርጎዎቹ ነው።

የራሴን አገር መስመር እንድሠራ የገፋፉኝም እሳቸው ናቸው። እስከዚያ ድረስ እንደ ጎረቤቶቼ የጀርመን ባቡር ነበር የምነዳው። የጥቁር ደን ቤቶች፣ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ጥድ። ያምራል፣ ግን ምኔም አይደለም። ጋሼ «የኛን ሸመንደፈር ለምን አትሠራም?» ሲሉኝ፣ የጅቡቲ–አዲስ አበባውን ባቡር ማለታቸው ነው፣ ነገሩ ሌላ ሆነ።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ነው፣ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ይደርሳል ተብሎ ነበር። ተራራው አስቸገረና መስመሩ ከሥር በቆላው ቀረ፣ በ1902 እዚያው ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይህን በኤችኦ መጠን ብትቀንሱት 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እኔ ያለኝ ደግሞ አንድ ግድግዳ ነው። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ያሉትን ሚኤሶንም አፍደምንም የምትመስል፣ ሁለቱንም ያልሆነች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ፈጠርኩ። እንዲህ ማድረግ ነፃ ያወጣል። «በሩ በዚህ በኩል አልነበረም» የሚል ሰው ቢመጣ መልስ አላችሁ።

የድሮው መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለሱ ተራው የኤችኦ ሐዲድ ይሆናል። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ኤችኦኤም የሚባለው ሲሆን በ12 ሚሊ ሜትር ይሠራል። ጥሩው ነገር ስዊሶች ተራራ ላይ ያላቸው የሬትያ ባቡርም ባለ አንድ ሜትር ነው፤ ቤሞ የሚባል ኩባንያ በዚህ መጠን ሐዲዱንም ፉርጎውንም ያወጣል። የኛ መስመር ተሠርቶ ያለቀ ነገር በየሱቁ አላየሁም። ስለዚህ ያገለገሉ የዕቃ ፉርጎዎችን ገዝቼ የስዊሱን ጽሑፍ አጥፍቼ ቀባኋቸው። ሌላም መላ አለ። ቲቲ የሚባለው መጠን፣ አንድ መቶ ሃያኛው፣ ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የቲቲ ሎኮሞቲቭ ሞተርና መንኮራኩር ከሥር አድርጋችሁ የኤችኦ አካል ከላይ መግጠም ይቻላል። ሐዲዱን ግን የቲቲ አትግዙ፤ የእንጨቶቹ መጠንና ርቀት ስለሚለይ ሲታይ ወዲያው ያስታውቃል።

ገበታው 10 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። ኮረብታው ፎም ተቆርጦ በላዩ ላይ ጀሶ። ቤቶቹ ካርቶን። ልኬት ከሌላችሁ ፎቶ ውስጥ ያለውን በር ተጠቀሙ፤ ተራ በር ሁለት ሜትር ገደማ ነው፣ ይህም 23 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ሌላውን ከሱ አስሉት። የቆርቆሮ ጣሪያ ብዙ አሰልቺ ሙከራ ጠይቆኛል፣ መፍትሔው ግን ወጥ ቤት ነበር። የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ወስዳችሁ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው እንደ ብሎን ጥርስ ባለው የብረት ዘንግ ላይ እየጫናችሁ አንከባሉት። የጥርሱ ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኛ ቆርቆሮ ሞገድ በዚህ መጠን ሲቀነስ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ዝገት ቀቡት። በጣም አትቀቡት፣ ቆላ ነው።

አፈሩን ከድሬ ላስመጣ አስቤ ነበር። አይቻልም፤ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አፈር ማስገባት በዕፅዋት በሽታ ምክንያት ክልክል ነው። ስለዚህ ከዚሁ ከሜዳ አመጣሁ። በወንፊት ነፋሁት፣ በጥልቅ መጋገሪያ አድርጌ ምድጃ ውስጥ ነፍሳቱ እስኪሞቱ አሞቅኩት (ሽታውን ለባለቤቴ አስቀድማችሁ አስረዱ፣ ማለቴ ለባለቤቶቻችሁ)፣ ከዚያ ማግኔት አሳለፍኩበት። ማግኔቱ ግዴታ ነው። አፈር ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፣ ሞተር ውስጥ ከገባ ይጨርሰዋል። ከዚያ በዱቄት ቀለም ቀለሙን አስተካክሉት። ኮላውን ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል በጥብጡና አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት፤ ሳሙና ከሌለው ኮላው እየተንከባለለ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ሲረጥብ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ጋሼ መጥተው አዩና «ይሄ የናዝሬት ነው፣ ሚኤሶ እንዲህ አይጠቁርም» አሉኝ። ቀለም ጨመርኩበት።

ግራሩ ሽቦ ነው። ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ ላይ ጠምዝዛችሁ ከላይ እንደ ጃንጥላ ትበትኗቸዋላችሁ፣ ስስ ቅጠል ታለብሷቸዋላችሁ። ስድስት ሜትር ግራር 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሱቅ የሚሸጠው የአውሮፓ ዛፍ ክብ ስለሆነ አይጠቅመንም። ሰዎቹን ፕራይዘር ከሚባለው የጀርመን ኩባንያ ያልተቀቡትን ነው የምገዛው፤ ከተቀቡት በጣም ይረክሳሉ። አንድ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ነጠላውን ከሶፍት ወረቀት ቆርጬ በቀጭን ኮላ አለብሳቸዋለሁ። ባቡሩ ሲቆም በመስኮት የሚሸጡ ሴቶች አሉኝ። ሁለት ግመሎች አሉኝ። ፉርጎው ጣሪያ ላይ ጆንያ ይዘው የተቀመጡም አሉኝ፤ ምን እንደጫኑ አልናገርም፣ ድሬ የኖረ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ብቻዬን አላደረግኩም። እዚህ ከተማ ውስጥ የባቡር ሞዴል ማኅበር አለ፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ስትገቡ የሚጠይቋችሁ «የየትኛው ዘመን ነው?» ብለው ነው፤ ጀርመኖች የባቡርን ታሪክ ከአንድ እስከ ስድስት በዘመን ከፋፍለው ነው የሚሠሩት፣ የእንፋሎቱን ከዛሬው ጋር መቀላቀል ነውር ነው። የኛን መስመር ፎቶ ሳሳያቸው ዘመኑን ከየት ላይ እንደሚመድቡት ተቸገሩ። ግን ጣሪያ ላይ ስላለው ጆንያ ሳይቀር ጠየቁ፣ ብየዳውንም ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ስትሄዱ ቋንቋ ወይም መልክ ያሳፍረኛል ብላችሁ አትቅሩ። የተበላሸ ሎኮሞቲቭ ይዛችሁ ግቡ፣ አምስት ሽማግሌ ይከባችኋል።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ዕቃው ውድና ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። በሐዲድ አትጀምሩ። በካርቶን፣ በጀሶና በሽቦ ለገሃርን ወይም አቃቂን ሥሩ። ሕንፃው በእጃችሁ ነው፣ ሄዳችሁ መለካት ትችላላችሁ፤ እኛ እዚህ ያለነው በፎቶ ነው የምንቃዠው። ሎኮሞቲቩ ከዚህ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይደርሳል፣ ክብደቱ ከአንድ ጫማ አይበልጥም።

አሁን የያዝኩት ሊቶሪናዋን ነው፣ ሞተሯን ራሷ ውስጥ ይዛ ያለ ሎኮሞቲቭ የምትሄደውን የመንገደኛ ባቡር። አካሏን በኮምፒውተር ሥዬ አንድ የማኅበሩ ልጅ በስሪዲ ማተሚያ አወጣልኝ። ፊቷ ደህና ነው። ጎኗ ላይ ግን የመስኮቶቹ ርቀት አላማረኝም፤ ያሉኝ ፎቶዎች ሁሉ ከፊት ለፊት የተነሡ ናቸው፣ ሰው ከባቡር ጋር ፎቶ ሲነሣ ፊቷ ላይ ነው የሚቆመው። በአባታችሁ ወይም በአጎታችሁ አልበም ውስጥ ከጎን የተነሣች ካለች፣ በተለይ ድሬ ጣቢያ ላይ ቆማ፣ በስልክ አንሥታችሁ ብታሳዩኝ ትልቅ ውለታ ነው። ሰው አጠገቧ ቆሞ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፣ ከሱ ቁመት እለካታለሁ።